የገዛ ልጁን ኳስ «አውት» ያለው ዳኛ

ጋሽ ኖራን የማያውቅ የክበቡ አባል የለም፤ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቅ ግን ፈልጋችሁ አታገኙም። የክበቡ ጸሐፊ እንኳ የዕረፍት ፈቃድ ስትሞላለት በየዓመቱ እስክሪብቶዋን አንሥታ፣ «ጋሽ ኖራ፣ ለመሆኑ ስምዎ ማን ነበር?» ትለዋለች። ይነግራታል፤ ትጽፈዋለች፤ በዓመቱ ደግሞ እንደ አዲስ ትጠይቀዋለች።

ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። የክበቡን ሦስት የቀይ አፈር ቴኒስ ሜዳዎች ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያጠጣ፣ በከባድ ብረት ሲዳምጥ፣ ሲጠርግ፣ መስመራቸውን በኖራ ሲያሰምር የኖረ ሰው ነው። ኖራው ከጫማው አልፎ ቅንድቡ ውስጥ ገብቷል። ሜዳው ላይ አንዲት የጫማ ዱካ ካየ እጁ አያርፍም፤ ተጫዋቾቹ ገና ራኬታቸውን ሳይከቱ መጥረጊያውን ይዞ ከኋላቸው ይደርሳል። ቤት ገብቶም ያው ነው። ሚስቱ የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ የምትውል ሴት ናት፤ «እኔ የሞትኩ ዕለት ይሄ ሰውዬ ከማልቀሱ በፊት አልጋውን ነው የሚያነጥፈው» ትላለች። የምትቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ የምሯን ነው።

አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። ያደገችው እዚያው ሜዳ ላይ ነው። በሰባት ዓመቷ ኳስ ትለቅም ነበር፤ በዘጠኝ ዓመቷ አንድ አባል ተናድዶ ክሩ የተበጠሰ ራኬት ወርውሮ ሲሄድ አነሣችው፤ እሷም ራኬቱም ከዚያ ወዲያ አልተለያዩም። አሁን ሃያ አምስት ዓመት ሞልቷታል። ጠዋት የአባላቱን ልጆች ታሠለጥናለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አባላቱ ራሳቸው «እስቲ ትንሽ አቀብዪኝ» እያሉ ይመጣሉ። ማቀበል ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሰውዬው ሆዱን ተሸክሞ ሁለት እርምጃ እንኳ ሳይሮጥ እንዲመታ፣ መትቶም «አየሽ!» እንዲላት፣ ኳሷን እግሩ ሥር ማድረስ ነው። ክበቡ ውስጥ በቴኒስ የሚበልጣት እንደሌለ ሁሉም ያውቃል፤ ጮክ ብሎ የሚናገረው ግን የለም። የተናገረ ሰውማ በማግስቱ «ትናንት አሸነፍኳት» ብሎ ማውራት ሊቀርበት ነው።

ዘንድሮ ዕድል ቀናት። የክበቡ የሴቶች ሻምፒዮና ስምንት ተወዳዳሪ ይፈልጋል፤ የተመዘገቡት ሰባት ሆኑ። ኮሚቴው ሁለት ቀን ተሰብስቦ፣ ደንቡን ገልብጦ አገላብጦ፣ «የክበቡ ሠራተኞች ቁጥር ለማሟላት መሳተፍ ይችላሉ» የሚል አንቀጽ ወለደ። ቁጥር ለማሟላት ተባለ እንጂ ለማሸነፍ አልተባለም። እሷ ግን አንቀጹን በደንብ ያነበበችው አይመስለኝም፤ የመጀመሪያዋን በሃያ አምስት ደቂቃ ሸኘቻት፣ ሁለተኛዋን ደግሞ የራስ ምታት መድኃኒት አስጠየቀቻት። እንዲህ እንዲህ እያለች ለፍጻሜ ደረሰች።

የፍጻሜው አሸናፊ ክበቡን ወክላ ወደ አገር አቀፉ ውድድር ትሄዳለች። እዚያ ለብሔራዊ ቡድን የሚመርጡ ሰዎች ወንበር ስበው ይቀመጣሉ፤ ከሃያ አምስት ዓመት ያለፈውን አዲስ ተጫዋች ግን ዞር ብለው አያዩም። ስለዚህ ለጋሽ ኖራ ልጅ ይቺ የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም ናት። አባትየው ይህን አሳምሮ ያውቃል። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበረውም፤ ሜዳውን ሲያጠጣ አንዱን ጥግ ሁለት ጊዜ እያጠጣ ረግረግ አደረገው።

ተጋጣሚዋ የሊቀመንበሩ ልጅ ናት። መጥፎ ልጅ አይደለችም፤ ደህና ትጫወታለች፤ ጥፋቷ አባቷ ነው። ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደነበረ ሰዉ ረስቶታል፤ ኃላፊ እንደነበረ ግን ማንም እንዲረሳ አይፈቅድም። «እንዴት አደሩ?» ሲሉት እንኳ፣ «በመጀመሪያ ደረጃ» ብሎ ነው የሚጀምረው።

የፍጻሜው ዕለት እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰዉ ደረጃውን ሞላው። ከመስመር ዳኞቹ አንዱ ግን ጠዋት ወገቡን ይዞት ቀረ። ሊቀመንበሩ ግራ ቀኝ ሲያማትር ዓይኑ ጋሽ ኖራ ላይ አረፈ። ጋሽ ኖራ መስመሩን አሰምሮ ጨርሶ፣ ከመስመሩ ላይ አፈር የሚያራግፍባትን ትንሽ ብሩሽ ይዞ ቆሟል።

«በመጀመሪያ ደረጃ፣ ከጋሽ ኖራ በላይ መስመር የሚያውቅ ማን አለ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ኧረ ጌታዬ! የምትጫወተው እኮ ልጄ ናት።»

«ብትሆንስ? እኛ በእርስዎ ጨዋነት እንተማመናለን!»

ይህን ያለው ደረጃው ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ነው። እናንተዬ፣ ድሃ ሰው ሕዝብ ፊት «እንተማመንብሃለን» ከተባለ እጅ እግሩ ታሰረ ማለት አይደል? ደግሞ ይሄ እንዳይበቃ፣ ከላይ የተቀመጠው የመኪና መለዋወጫ ሻጭ፣ ለነገር የማያንስ ሰው፣ «ዛሬማ ያ መስመር ሳይሰፋ አይቀርም!» ብሎ ተረበ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ኖራም አብሮ ሳቀ። ሳቀ እንጂ ነገሩ ገብቶ ሆዱ ውስጥ ተቀመጠ። ብሩሹን እንደያዘ የኋለኛው መስመር ጫፍ ላይ ካለችው ወንበር ላይ ቁጭ አለ፤ ብሩሹን ተቀበሉት ያለ ሰው አልነበረም።

ጨዋታው እንዲህ ነው ብዬ ልነግራችሁ አልችልም፤ የነበረ ሰው ነው የሚያውቀው። የመጀመሪያውን ዙር የጋሽ ኖራ ልጅ ወሰደች። ሁለተኛውን የሊቀመንበሩ ልጅ ወሰደች፤ ጥርሷን ነክሳ ነው የወሰደችው፣ ሐቁን እንናገር። በሦስተኛውና በመጨረሻው ዙር የጋሽ ኖራ ልጅ አምስት ጌም ለአራት መራች፤ ሰርቩም የእሷ ነበር፤ ለዋንጫው አንዲት ነጥብ ብቻ ቀራት። አባትየው ይህን ሁሉ ጊዜ ትክክለኛ ዳኛ ነበር። የገባውን ገባ፣ የወጣውን «አውት» ሲል አንድም አልሳተም። ነገር ግን ለልጁ በፈረደ ቁጥር ከደረጃው ላይ «እህህም!» የሚል ሳል ይሰማል። ሦስት አራት ጊዜ ተሳለበት። አንገቱ በላብ ራሰ።

የመጨረሻዋ ኳስ መጣች። ልጅቷ ተጋጣሚዋን ወደ መረቡ ስባ አምጥታ፣ ኳሷን በተጋጣሚዋ አናት ላይ አሳልፋ ወደ ጥጉ ላከቻት። ኳሷ አየር ላይ ብዙ ቆየች። ጋሽ ኖራ ከወንበሩ ብድግ አለ። ኳሷ ወረደች፣ ወረደች፣ ከፊቱ ሦስት እርምጃ ላይ መስመሩን ስትነካ ኖራው ብን አለ። አየ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ከእሱ በላይ ያየ የለም። ያንን ኖራ በገዛ እጁ ነው ያፈሰሰው።

ግን ዓይኑ «ገባች» ብሎ ሳይጨርስ ጆሮው ቀደመው፤ ሳሉ፣ ሳቁ፣ «ሳይሰፋ አይቀርም» የሚለው ነገር አንድ ላይ ጮኹበት። እጁ ተነሣ።

«አውት!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እሱ ራሱ ድምፁን ሲሰማ ደነገጠ።

ልጅቷ አልጮኸችም። ራኬቷን አንሥታ፣ «ምልክቱ ይታይልኝ» አለች። በቀይ አፈር ሜዳ ላይ ይሄ የማንም መብት ነው፤ ኳስ ባረፈችበት ቦታ አፈሩ ላይ ክብ ምልክት ትተዋለች፤ ምልክቱ መስመሩን ከነካ ኳሷ ገብታለች፣ ካልነካ ወጥታለች፤ ሌላ ክርክር የለውም። ዋና ዳኛው ለማየት ከከፍተኛው ወንበሩ መውረድ ጀመረ። ሰውዬው ፋርማሲስት ነው፤ ለሰው ሁሉ የጉልበት ቅባት ይሸጣል፣ የራሱ ጉልበት ግን አይታዘዝለትም። አንዱን የመሰላል ደረጃ ይወርዳል፣ ያርፋል፤ ሌላውን ይወርዳል፣ ያርፋል።

ጋሽ ኖራ ምልክቷን ጎንበስ ብሎ አያት። ግማሿ ኖራው ላይ፣ ግማሿ አፈሩ ላይ። እንደ ፀሐይ ግልጽ ናት። አሁን ፋርማሲስቱ ደርሶ ሊያያት ነው፤ ቀና ብሎ «ገብታለች» ሊል ነው፤ ልጁም ልታሸንፍ ነው። ጋሽ ኖራ ማድረግ የነበረበት ዝም ብሎ መቆም ብቻ ነው። ዝም ብሎ መቆም አቃተው! በእጁ ያለችው ብሩሽ ግራ ቀኝ ሁለቴ ተወዘወዘች፤ ፋርማሲስቱ እያለከለከ ሲደርስ የጠበቀው ንጹሕ አፈርና ንጹሕ መስመር ነው።

«ምልክቱ የታለ?»

«ጠረግሁት» አለ ጋሽ ኖራ፣ ድምፁ ሰልሎ።

«ጠረጉት?! ለምን?»

«ልማድ ሆኖብኝ።»

ልማድ ነው? ሃያ ሁለት ዓመት የጠረገ እጅ ምልክት አይቶ አልችል ብሎ ነው? ወይስ ምልክቱ ከታየች ውሸቱ ሕዝብ ፊት ሊወጣ ስለሆነ ነው? ይህን ሲጠይቁት እስከ ዛሬ ይንተባተባል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለቱም ናቸው፤ ፍርሃቱ አዘዘ፣ ልማዱ ታዘዘ።

ደንቡ ደግሞ ምልክት ከጠፋ የመስመር ዳኛው ቃል ይጸናል ይላል። ልጅቷ አባቷን አየችው። እሱ ብሩሹን አየ። ከዚያ በኋላ እጇ ከዳት፤ ያንን ጌም ተሸነፈች፣ ተከታዩን ተሸነፈች፣ የመጨረሻውንም ተሸነፈች። ራኬት አልወረወረችም፣ ዳኛ አልሰደበችም። መረቡ ጋ ሄዳ ተጋጣሚዋን ጨበጠቻት። የሊቀመንበሩ ልጅ እጇን ሳትለቅ፣ «ያቺ ኳስ ገብታ ነበር፣ አይደል?» አለቻት።

«አባቴ ወጥታለች ብሏል» አለች የጋሽ ኖራ ልጅ።

እስቲ የሰውን ነገር ተመልከቱ! መስመሩ ይሰፋል ብሎ የሳቀው ሕዝብ አሁን ዓይኑ እንባ አቀረረ። «የገዛ ልጁን! በመጨረሻዋ ነጥብ!» ይባባላል። ክበቡ በየዓመቱ የሚሰጣት «የስፖርታዊ ጨዋነት ዋንጫ» የምትባል ነገር አለች፤ ተሸንፎ ራኬት ላልሰበረ ሰው ነው የምትሰጠው። አምና እንዲህ ያለ ሰው ስለጠፋ ለድምፅ ማጉያው ባለቤት ተሰጥታለች። ዘንድሮ ሊቀመንበሩ ማይኩን ጨብጦ፣ «በመጀመሪያ ደረጃ፣ ፍትሕ ሥጋና ደም ለብሳ ካያችሁ እነሆ!» ብሎ ዋንጫዋን ለጋሽ ኖራ አሸከመው። እንባውን በመሀረብ ጠረገ። የሊቀመንበሩ ልጅ ባታሸንፍ ኖሮ እንዲህ ያለቅስ ነበር ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። የመለዋወጫው ሻጭ ከላይ ወርዶ የጋሽ ኖራን ኖራ የነካው እጅ ሳመ።

ጋሽ ኖራ ዋንጫዋን እንዳቀፈ ልጁን ፈለጋት። የሁለተኛ ደረጃ ሜዳሊያዋን አንገቷ ላይ አድርጋ ከሰዉ ጋር ቆማ ታጨበጭባለች። የምሯን ነበር የምታጨበጭበው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ገና ከሥራ መግባቷ ነው፤ እጇ ከሳሙናው የተነሣ ተጨማድዷል። ወሬው ቀድሞት ገብቷል። ልጃቸው «ደክሞኛል» ብላ ሳትበላ ወደ ክፍሏ ገብታለች። ጋሽ ኖራ ዋንጫዋን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጠ።

«ገብታለች ወይስ ወጥታለች?» አለችው ሚስቱ።

«እንግዲህ፣ ዳኛው የወሰነውን...»

«ዳኛውማ አንተ ነህ!»

«ፀሐዩ ዓይን ያጭበረብር ነበር።»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!» አለችና ዋንጫዋን አንሥታ ከአልጋው ሥር አስገባቻት። «ቤቴ ውስጥ ይቺን አላይም። ልጄ ስትወለድ አሥራ ስምንት ሰዓት አምጫታለሁ፤ አንተ በአንድ ቃል አወጣሃት።»

ሰኞና ማክሰኞ የጋሽ ኖራ መከራ የባሰ ሆነ። ምስጋና በዛበት። የክበቡ ዘበኛ ብድግ ብሎ ይቀበለዋል። ጸሐፊዋ፣ ጉድ ፈላ፣ ስሙን ጠይቃ ትልቅ ወረቀት ላይ ጽፋ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሰቀለችው። ሃያ ሁለት ዓመት የጠፋው ስም በአንድ ውሸት ተገኘ። ማክሰኞ ከሰዓት ደግሞ የሠፈሩ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር መጥቶ፣ «ለተማሪዎቻችን ስለ ሐቀኝነት አንድ ንግግር ቢያደርጉልን» ብሎ ለመነው። ጋሽ ኖራ «እስቲ ይደርሳል» ብሎ ሸኘው፤ ከዚያ የዕቃ ክፍሉ ገብቶ የኖራ ከረጢት ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ነገሩ በዛብኝ አለ።

ረቡዕ ኮሚቴው ተሰብስቦ ሳለ ዋንጫዋን በጋዜጣ ጠቅልሎ ገባ። ሰባት ሰው ክብ ሠርቶ ተቀምጧል፤ የሊቀመንበሩ ልጅም ለመሄጃዋ ቅጽ ልትፈርም መጥታ ጥግ ላይ አለች።

«ኳሷ ገብታ ነበር» አለ ጋሽ ኖራ። ቆሞ ነው የተናገረው። «አይቻታለሁ። ግማሿ መስመሩ ላይ ነበረች። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው አውት ያልኩት። ምልክቷንም የጠረግሁት እኔው ነኝ። ዋንጫችሁ ይኸው፤ የልጄን መልሱልኝ።»

ሊቀመንበሩ መነጽሩን አወለቀ፣ ወለወለ፣ መልሶ አጠለቀ።

«በመጀመሪያ ደረጃ፣» አለ፣ «እንዲህ ያለ ትሕትና በዕድሜዬ አላየሁም።»

«ኧረ ትሕትና አይደለም ጌታዬ! ውሸት ነው የዋሸሁት!»

«አያችሁት? ራሱን እንኳ አይምርም!»

«አባባ፣» አለች የሊቀመንበሩ ልጅ ከጥጉ፣ ፊቷ ቀልቶ፣ «እኔም ኖራው ሲበን ያየሁ መሰለኝ። ጨዋታው ይደገም። ወይ እሷ ትሂድ።»

ሊቀመንበሩ ወደ ኮሚቴው ዞሮ፣ «ይኸው፣ እሷም ስፖርተኛ ናት፤ ይሄም ይመዝገብ» አለ። ተመዘገበ። ከሰባቱ አንዱ፣ ትንሽ ኅሊና ቢጤ የቀረው፣ «ግን ገብታ ከሆነስ?» ብሎ ሊጠይቅ ሲል፣ የተወካዮች ዝርዝር ሰኞ ዕለት ተፈርሞና ማኅተም ተመትቶ መላኩ ተነገረው። ማኅተም ከተመታማ ኳስ አትገባም። በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲህ የሚል ሰፈረ፦ «ጋሽ ኖራ ላሳዩት ከመጠን ያለፈ ስፖርታዊ ጨዋነት ኮሚቴው በድጋሚ ምስጋናውን ያቀርባል።» ዋንጫዋን ከነጋዜጣዋ መልሰው አሸከሙት። የሊቀመንበሩ ልጅ ቅጹን ሳትፈርም በር ወርውራ ወጣች፤ በማግስቱ ፈርማለች ይላሉ፣ ከአባት ጋር ስንት ቀን ይዋጋል?

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ኖራ አንደኛውን ሜዳ አጠጥቶ፣ አሰምሮ፣ ወገቡን ይዞ ቀና ሲል ልጁ ገባች። በአንድ እጇ ራኬት፣ በሌላው ቅርጫት ሙሉ ኳስ ይዛለች። ከእሑድ ወዲህ «ደህና አደርክ፣ ደህና ዋልክ» ከማለት በቀር አላናገረችውም ነበር። ጸሐፊዋ የኮሚቴውን ጉድ ከነቃለ ጉባኤው በር ላይ ነግራታለች።

«ለሰባት ሰው ተናግረህ ለእኔ አልነገርከኝም» አለችው።

«እማ፣ እኔ እኮ... በየት በኩል ብዬ... አፌ እንቢ ብሎኝ ነው።»

«ለእነሱ እሺ አለህ?»

መጥረጊያውን አንሥቶ ከአጥሩ አስደገፈው።

«እዚያ ቁም» አለችው።

«የት?»

«መስመሩ ላይ። ያየኸውን ንገረኝ።»

ቆመ። ልጅቷ ወደ ማዶ ተሻግራ ቅርጫቱን እግሯ ሥር አስቀመጠችና መምታት ጀመረች። የመጀመሪያዋ ደህና ውስጥ ገባች። «ገባች» አለ። ሁለተኛዋ መረብ ላይ ቀረች። ሦስተኛዋ አንድ ክንድ አልፋ ወደቀች፤ «አውት» አለ። አራተኛዋ መስመሩ ላይ አርፋ ኖራ አስነሣች።

«ገባች!» ብሎ ጮኸ። ዘበኛው ምን ሆነ ብሎ አንገቱን በአጥሩ ላይ አሰገገ። ጋሽ ኖራ ደረቱ ቀለል አለው፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። እግዜር ይስጣት፣ ልትታረቀኝ ነው አለ በሆዱ።

አምስተኛዋ መጣች። ጠንካራ ምት ናት፤ ከመስመሩ ወጣ ብላ፣ ሁለት ጣት ያህል ወጣ ብላ፣ ዐረፈች። በደንብ አይቷታል። ግን ማዶ የቆመችውን ልጁን አያት፤ ያደረሰባትን አሰበ። ይቺን እንኳ ብሰጣት ምን አለበት አለ።

«ገባች!»

ልጅቷ ራኬቷን ዝቅ አደረገች። መረቡን ዞራ መጣች። ከአጠገቡ ቆማ ምልክቷን ቁልቁል አየች። በምልክቷና በመስመሩ መሃል ሁለት ጣት የሚያህል ቀይ አፈር አለ።

«ይቺ ገባች?»

ጎንበስ ብሎ ምልክቷን አያት።

«አባዬ፣ ይቺ ናት የገባችው?»

«ለአንቺ ብዬ እኮ ነው፣ እማ።»

«የእሑዷንም ለሰው ብለህ ነው!» ድምጿ ተሰበረ። እሑድ ያላለቀሰችው፣ ሰኞ ያላለቀሰችው አሁን ወረደ። «ውድድሩ አለፈኝ። አለፈ፣ ተወው፣ ያንን መልስልኝ አላልኩህም። ያን ቀን ሰው ፈርተህ ከለከልከኝ፤ ዛሬ ደግሞ አሳዝኜህ ትመጸውተኛለህ። ስጠኝ አልኩህ? ያየኸውን ንገረኝ ነው ያልኩህ። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ ኳሴን በትክክል ይይልኝ!»

ጋሽ ኖራ ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ። ሳትጠጋው ተመልሳ ወደ ማዶ ሄደች። ከቅርጫቱ ኳስ አነሣች፤ ሁለት ጊዜ መሬት ላይ አንጥራ መታቻት።

ኳሷ መስመሩ አጠገብ ወደቀች። ገባችም ወጣችም ለማለት ቸኩሎ አፉን ሊከፍት ነበር፤ ተወው። ሄደ። በሁለት ጉልበቱ ተንበረከከ። ሱሪው በርጥቡ አፈር ቀላ። ፊቱን መሬት እስኪነካ ዝቅ አድርጎ፣ አንዱን ዓይኑን ጨፍኖ፣ ብዙ ቆየ። ልጅቷ ማዶ ቆማ ጠበቀችው።

«ለጥቂት ናት፣» አለ ሳይነሣ፣ «ግን ወጥታለች።»

«በስንት?»

«በአንድ ጣት።»

ልጅቷ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች።

«እሺ» አለችና ሌላ ኳስ ለማንሣት ጎንበስ አለች።